ወደ ኋላ የተሳበው ጭነት

ላንድክሩዘሯ ከፍኖተ ሰላም ስትወጣ ኋላዋ ወደ መሬት ሰገድ፣ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ነበር። በስተኋላዋ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ታስሯል። ተሳቢው ላይ ደግሞ በሸራ የተሸፈነ አዲስ የናፍጣ ወፍጮ ተጭኗል። ሾፌሩ ያረጋል በጎን መስታወት ወደ ኋላ ባየ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። መኪናዋን እንዲህ ተንበርክካ አይቷት አያውቅም።

ተሳቢውን የሠራው ሀይሉ አጠገቡ ተቀምጧል። ሀይሉ ከመናኸሪያው ጀርባ ትንሽ የብየዳ ቤት አለው። በር፣ መስኮት፣ አልጋ ሲበይድ ኖሮ ይህ ተሳቢ ከእጁ የወጣ የመጀመሪያው ነው። ሥራው ተሳክቶ ዋርካ በር ከደረሰ ሌላም ይታዘዛል፤ ካልተሳካም ስሙ ከዚያው መንገድ ላይ ይቀራል። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

ከኋላ ወንበር ያሉት እትዬ በለጠች ናቸው፤ የዋርካ በር ሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ። ዋርካ በር ከፈጠም ወንዝ ማዶ፣ ቆላ ውስጥ ያለች መንደር ናት። ሴቶቿ እህል የሚያስፈጩት ገደሉን ወጥተው ቡሬ ሄደው ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት እርጉዝ እህሏን በጀርባዋ አዝላ ስትወጣ እግሯ ከዳት፤ ሬሳዋ የተገኘው ከሥር ከወንዙ ዳር ነበር። ማኅበሩ ወፍጮ ካልገዛን ሞተን እንገኛለን ብሎ የተነሣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሀይሉ ጭነቱን ሲያስር ያረጋልን አንድ ነገር አስጠንቅቆት ነበር። ከባዱ ነገር ከጎማዎቹ ፊት ለፊት፣ ወደ መኪናዋ ጠጋ ብሎ ይቀመጣል፤ ኋላው የከበደ ተሳቢ መንገድ ላይ ይዋልላልና ከቦታው እንዳትነካው። ቡሬ ሲደርሱም የመኪናዋን መጎንበስ አይቶ፣ ተሳቢው የሚንጠለጠልበትን ጋንቾ ፈትተን ገልብጠን ብናስረው ከፍ ይላል፣ ያኔ መኪናዋም ተሳቢውም ልክ ይመጣሉ አለ። ያረጋል ግን ሰማዩን አየና የግንቦት ዝናብ አይታመንም፣ ሳይቀድመን እንውረድ ብሎ ነዳው። ሀይሉም አልተከራከረም፤ ያረጋል በዕድሜ ታላቁ ነው።

ያረጋል የበቅሎ ነጋዴ ልጅ ነው። አባቱ ዓባይን ተሻግረው ቡና ሲያመጡ ከኋላ እየተከተለ ያደገ። ይቺ መኪና የተገዛችውም የአባቱ በቅሎዎች ተሸጠው ነው። ጭነት የሚያውቀው ከበቅሎ ጀርባ ነው፤ አቀበት ሲሆን ጭነቱን ወደ ፊት ትገፋዋለህ፣ ቁልቁለት ሲሆን ወደ ኋላ ትስበዋለህ፣ አለዚያ አንገቷ ላይ ይወርድና ይዟት ይሄዳል። ይህን ማንም በቃል አላስተማረውም፤ እጁ ነው የሚያውቀው።

ከቡሬ ወጥተው አስፋልቱን ለቀው፣ ወደ ፈጠም የሚወርደው የጠጠር መንገድ አፋፍ ላይ ደረሱ። እዚያ ደብር አለ፤ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ብቻ ነው። እትዬ በለጠች ሳንሳለም አንወርድም አሉና ሀይሉን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄዱ። ያረጋል ከመኪናዋ ጋር ቀረ።

ቁልቁለቱን አየ። የጎበጠችውን መኪና አየ። እጁን በላው።

ከቡሬ ገበያ የሚመለሱ ጎልማሶች አለፉ። ጠራቸው። ሸራውን ገለጡ፣ ገመዱን ፈቱ፣ «ሆ» ብለው ወፍጮውን እስከ ተሳቢው ጅራት ድረስ ወደ ኋላ ሳቡት፤ መልሰውም አሰሩ፣ አለበሱ። መኪናዋም ከወገቧ ቀና አለች። ተሳቢው ከመኪናዋ ጋር አንድ መስመር ሆነ፤ ውኃ ልክ ቢቀመጥበት የማይነቀነቅ መሰለ። ያረጋል ደስ አለው። ጎልማሶቹን አመስግኖ ሸኛቸው።

ሀይሉ ተሳልሞ ሲመለስ ቆም አለ። አንገቱን አዘመመ።

«አያ ያረጋል፣ ጭነቱን ነካካኸው እንዴ?»

«ገመዱን አጠበቅሁት እንጂ ምን እነካለሁ።»

ቃሉ ከአፉ የወጣው ሳያስብበት ነው። ከወጣ በኋላ ግን ከበደው፤ የደብሩ በር ገና ከጀርባው ነበር። ሀይሉ ሸራውን ሊገልጥ እጁን ሲዘረጋ ወፍራም የዝናብ ጠብታ ግንባሩ ላይ አረፈ፣ ሌላም ተከተለ። ሁሉም ወደ መኪናዋ ሮጡ።

ዝናቡ ብቻውን አልመጣም። ግማሹን ገደል ሳይወርዱ በረዶ ይወርድ ጀመር። የመኪናዋን ጣራ ደበደበው፣ የፊት መስታወቱን አጨለመው። ቀዩ አፈር ቀልጦ እንደ ቅቤ ሆነ። ያረጋል በከባድ ማርሽ እየጎተተ ወረደ። በስተግራ ገደል፣ በስተቀኝ አለት። ከላይ ጎርፍ ድንጋይ እየገፋ መጣና ካለፉበት ሸንተረር ላይ ወረደ፤ በጎን መስታወት ሲያይ መንገዱ ተበልቶ ቦይ ሆኗል። እትዬ በለጠች አማተቡ። መመለስ የሚባል ነገር እንደሌለ ሦስቱም ገባቸው።

በረዶው ሲያባራ ሀይሉ ወረደ። ተሳቢው የሚያንሸራትት ቦታ ላይ ቢገፋ ከጎማው ሥር የሚወትፈው ታኮ ያስፈልጋል፤ እናም ታኮውን ታቅፎ ከተሳቢው አፍንጫ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ያረጋል ና ግባ ሊለው አሰበ። ለምን ቢለው ጭነቱን መንካቱን ሊናገር ነው፤ ማርሹን አስገብቶ ነዳ።

ከጭቃው ወጡ። ደረቅ ጠጠር፣ ሰፊ መንገድ፣ ግራና ቀኝ የግራር ጫካ። ፀሐይም ወጣች። ያረጋል ትንሽ ለቀቅ አደረጋት።

ያን ጊዜ ነው በወገቡ የተሰማው። ተሳቢው አንዴ ወደ ቀኝ አለ፣ መለስ ብሎ ወደ ግራ። የመኪናዋ ኋላ እንደ ውሻ ጅራት ተወዛወዘ፤ የኋላ ጎማዎቿ መሬቱን የረገጡ አልመሰሉም። መሪው እጁ ውስጥ ቀለለ። ከኋላ የሀይሉ ድምፅ መጣ፤ ፍሬን አትያዝ ነበር የሚለው። እግሩ ግን ቀድሞ ረግጦ ነበር።

ተሳቢው ገፋ። ዞረ። ከመኪናዋ ጎን እኩል ሊመጣ ምንም አልቀረው። ጎኑ ትልቅ ግራር ገጨና ሁሉም ነገር ቆመ።

ግራሩ ላይ ቀፎዎች ተሰቅለው ነበር።

አንዱ ቀፎ ወርዶ ተሰነጠቀ። መጀመሪያ ዝምታ ሆነ፤ ቀጥሎ ጫካው ሁሉ የሚያጉረመርም መሰለ። ያረጋል በሩን ከፍቶ ወጣ። ሀይሉ ከተሳቢው ተወርውሮ ወድቋል፤ አንድ እግሩ በተጣመመው የጎማ መከለያ ፓራፋንጎ ሥር ተይዟል። ያረጋል ወደ እሱ ሁለት እርምጃ ሄደ። ንቡ ፊቱ ላይ ሰፈረ። ዓይኑ ሥር፣ ከንፈሩ ላይ፣ አንገቱ ላይ ነደፈው። ዞሮም ሮጠ፤ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ሀይሉ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ሲንፈራገጥ አየው።

እትዬ በለጠች በማዶው በር ወርደዋል። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ከመንገዱ ዳር ደረቅ ኩበት ለቃቅመው እሳት አያያዙበት። የሚጤሰውን ኩበት በእጃቸው ይዘው ወደ ንቡ መካከል ገቡ። በመስታወቱ አጠገብ ሲያልፉ ያረጋልን አዩት። በዚያ አተያይ በሩን ከፈተ።

በጢሱ ውስጥ ክሪኩን ከፓራፋንጎው ሥር አገባ፤ ብረቱን ከፍ አደረገ። እጁን ንብ ሸፍኖት ነበር። ሀይሉን በብብቱ ይዞ ጎትቶ አወጣው። እግሩ ከጉልበቱ በታች ባልሆነ ቦታ ታጥፏል። ከተሳቢው አጥር ሳንቃ ነቅለው፣ በእትዬ በለጠች መቀነት ጠፍረው አሰሩለት። ከኋላ ወንበርም አጋደሙት። ላብ ያጠምቀዋል፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

«ብየዳዬ ነው» አለ ሀይሉ። «ሳይለቅ አልቀረም። ገድያችሁ ነበር።»

ያረጋል ከመኪናዋ ወረደ። ተመልሶ ተሳቢውን ሊያይ ሄደ። ተንበርክኮ የሀይሉን የብየዳ መስመሮች አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰ። አንዱም አልተሰነጠቀም። ፓራፋንጎው ተጣሟል፣ አጥሩ ተሰብሯል፤ ብየዳው ግን እንደ ተሠራ ነው። ጭነቱንም አየ፤ ጅራቱ ላይ እሱ ካስቀመጠው ቦታ ንቅንቅ አላለም።

አሁን ወደ ፊት መልሶ ሊስበው ይችል ነበር። ቢስበው ግን እትዬ በለጠች ያያሉ፤ ሀይሉም ይሰማል። ለምን ይላሉ።

ሸራውን አልብሶ ተመለሰ።

«ምን አየህ?» አሉት እትዬ በለጠች።

«ጉዳቱ ብዙ አይደለም። ቀስ ብለን እንሄዳለን።»

እሳቸውም በረጅሙ ተነፈሱና ለያረጋል ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ በእሱ አታሠሪው ብሎ አገር ምድሩ ሲነግረኝ እኔ ነኝ ያልሰማሁ፣ ለስሙ የማይጠነቀቅ እጅ ነው አሉኝ፣ ልጅነቱ አሳዝኖኝ ሰጠሁት አሉ። ያረጋል መሪውን ጨበጠ። ንብ ከነደፈው ሁሉ ይህ ባሰበት።

ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ እንደ ሰው ርምጃ ነበር። ተሳቢው ቀስ ብለው ቢነዱትም ይነቀንቃቸዋል፤ በነቀነቃቸው ቁጥር ሀይሉ ያቃስታል። ያረጋል በልቡ ጸሎት ጀመረ፤ አልሄድልህ አለው። «አባታችን ሆይ»ን እስከ «በደላችንን» ድረስ ይደርስና ከዚያ ይጠፋበታል፤ እንደገና ይጀምራል። ጤና ጣቢያ ያለው ዋርካ በር ነው። ሀይሉን እዚያ ላድርሰው እንጂ ከዚያ በኋላ ቀን አይቼ እነግረዋለሁ ይላል። ደግሞ እሱ ራሱ ያምንበት የለም እንዴ ይላል፤ እኔ አላልኩት። ይህን ባሰበ ጊዜ የገዛ ሐሳቡ አስፈራው።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ሰው ጠበቃቸው።

ከፈጠም ወዲህ ያለችው መንደር ገሳ ሜዳ ትባላለች። ወፍጮው እኛ ጋ ይተከል፣ እኛ ጋ ይተከል በሚል ከዋርካ በር ጋር ዓመቱን ሙሉ ሲነታረኩ ከርመዋል። አሁን ጎልማሶቻቸው ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው መሻገሪያው ላይ ተደርድረዋል። ወንዙ በላይ በዘነበው ደፍርሶ ይገማሸራል፤ ለጊዜው የሚሻገሩት ቢሆንም ከፍ እያለ ነው። ሽማግሌያቸው አባ ወልደ ሥላሴ ተነሡና ወደ መኪናዋ መጡ። የሀይሉን እግር በመስኮት አዩ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ ዞረው የተጣመመውን ተሳቢ አዩ።

«ሰው የተጎዳበትን መንገድ አንዘጋም። ልጁን ይዛችሁ እለፉ» አሉ። «ይህ ብረት ግን ይቆይ። ደረቅ መሬት ላይ ያልቆመ፣ ውኃ ውስጥ ገብቶ መኪናውንም ሰውንም ይዞ ይሄዳል። እኛ እንጠብቅላችኋለን።»

«መቼም ለዘላለሙ ነው የምትጠብቁት» አሉ እትዬ በለጠች።

ከተቀመጡት አንዱ፣ ትዕዛዙ የሚባል ጠይም ጎልማሳ፣ ሳቅ አለ። «እትዬ በለጠች፣ ለእናንተ ስንል ነው እኮ። በር የሚበይድ ሰው መኪና ሥራ ቢሉት እንዲህ ነው። ወፍጮውንም እሱ አለመሥራቱን ተመስገን በሉ፤ ዱቄቱ ድንጋይ ይሆን ነበር።»

ጎልማሶቹ ሳቁ። ሀይሉ ሰምቷል፤ ፊቱን ወደ ወንበሩ መደገፊያ አዞረ።

እትዬ በለጠች ወረዱ። ወፍጮው ላይ እጃቸውን አሳርፈው ትንሽ ቆሙ። ያረጋል ሲጨቃጨቁ፣ ሲማጠኑ፣ ሲራገሙም ጠብቆ ነበር። እሳቸው ግን ወደ መኪናዋ ተመልሰው ሀይሉን አዩትና ድምፃቸው ወረደ።

«ፍታው» አሉት ያረጋልን። «ይቅር። ሴቶቹን ምን እንደምላቸው መድኃኔ ዓለም ያውቃል። የሰው ልጅ እግር ይበልጣል።»

ይኸውልህ፣ የማምለጫ በር ተከፈተ። ጋንቾውን ፈትቶ፣ ተሳቢውን ጥሎ፣ ሀይሉን አድርሶ ሊሄድ ይችላል። ማንም ሸራውን አይገልጥም፤ ቢገልጥም የሚጠይቀው የለም። የሚቀረው የሀይሉ ስም ብቻ ነው። ያረጋል መፍቻውን አንሥቶ ጋንቾው አጠገብ ተንበረከከ። ብሎኑን ያዘ። እጁ አልዞር አለው።

ተነሣ።

«ብየዳው አልለቀቀም» አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። «ብየዳው ምንም አልሆነም፤ በጣቴ ዳስሼ አይቻለሁ። ጭነቱን ከነበረበት ወደ ኋላ የሳብኩት እኔ ነኝ። አፋፉ ላይ፣ እናንተ ልትሳለሙ ስትሄዱ። አትንካ ብሎኝ ነበር። ነካህ ወይ ሲለኝም አልነካሁም አልሁት።»

አባ ወልደ ሥላሴ ወደ ያረጋል ዞሩ።

«ምን አስነካህ?» አሉ አባ ወልደ ሥላሴ።

«ቁልቁለት ሆነብኝ፣ አባ። እንደ በቅሎ ሳብሁት።»

ከጎልማሶቹ መካከል በዕድሜ ገፋ ያሉት አንገታቸውን ደፉ። በቅሎ ያልጫነ በመካከላቸው አልነበረም፤ እያንዳንዳቸው በቦታው ቢሆኑ ያደርጉት የነበረውን ያውቃሉ። ትዕዛዙ እንኳ ሳቁን አቆመ።

ያረጋል ከወንዙ ዳር ድንጋይ አነሣና ማጅራቱ ላይ አደረገ። የበደለ ሰው እንደሚያደርገው ወገቡን አጉብጦ፣ በተከፈተው በር ፊት ለፊት፣ ከሀይሉ ራስጌ ቆመ። ሀይሉ አየው። ቀና ብሎም «ይቅር ለእግዜር» እስኪል ሁሉም ጠበቁ። አላለም። ድንጋዩ የያረጋልን ማጅራት ይፈገፍጋል።

«ውኃው እየሞላ ነው» አለ ሀይሉ በመጨረሻ። «ድንጋዩን ጣልና መፍቻውን ያዝ። ጋንቾውን ገልብጠው።»

አባ ወልደ ሥላሴ ከእትዬ በለጠች ጋር ገለል ብለው ተነጋገሩ። እትዬ በለጠች የገሳ ሜዳ ሴት እህል ይዛ ብትመጣ በወረፋዋ ትፈጫለች፣ ከየት መጣሽ የሚላት የለም ብለው በአደባባይ ማሉ። ሽማግሌውም ዱላቸውን ለጎልማሶቹ ወዘወዙ። ሁሉም ተነሡ። ወፍጮውን ሳቡ፤ ከጎማዎቹ ፊት ሀይሉ በእጁ ምልክት እስኪሰጥ ድረስ አስጠጉት። ያረጋል ጋንቾውን ፈትቶ ገልብጦ አሰረ። ተሳቢውና መኪናዋ ልክ ገጠሙ። ሀይሉ ራሱን ቀና አድርጎ በኋላ መስታወት አየ፤ ተመልሶም ተኛ።

ወደ ውኃው ገቡ። የመጀመሪያው ሞገድ ጎማዎቹን ሸፈነ። ወንዙ መካከል ሲደርሱ ከበድ ያለ ግንድ እየተንከባለለ መጥቶ ተሳቢውን በጎኑ መታው፤ ተሳቢው ተላጋ፣ የመኪናዋ ኋላ ተንሸራተተ። የያረጋል እግር ወደ ፍሬኑ ሄደ።

«እንዳትነካው» አለ ሀይሉ ከጀርባው። «ቀጥ አድርጋት። ነዳጅ ስጣት፤ ቀስ ብለህ።»

ያረጋል እግሩን አነሣ። ሰውነቱ ሁሉ ርገጥ ርገጥ ይለዋል። መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ የሰበረውን ሰው ድምፅ ሰማ። ተሳቢው ሁለት ጊዜ ተወዛወዘና ረጋ፤ እንደ ታዛዥ በቅሎ ተከተለ። የመኪናዋ አፍንጫ ከውኃው ወጣ፣ ቀጥሎ ጎማው፣ ቀጥሎ ወፍጮው።

ዋርካ በር ላይ ሴቶቹ ወጥተው ይጠብቁ ነበር። እልልታው ከሩቅ ተሰማ። ወፍጮውን ሲያዩ አለቀሱ፤ የሟቿ እናት ሸራውን ትስም ነበር። ከዚያ ሾፌሩን ከበቡት። አንዷ ትከሻውን ሳመች፤ ሌላዋ ክፉ አይንካህ፣ እጅህ ይባረክ አለችው። ያረጋል ምርቃቱን ችሎ መቆም አልቻለም። ያላሰቡትን ነገራቸው፤ ወፍጮውን ያመጣው እኔ አይደለሁም፣ ያደረሰው መኪናዋ ውስጥ የተኛው ነው፣ እሱን የሰበርኩትም እኔ ነኝ አላቸው። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እልልታው ቀዘቀዘ። ማንም አልሰደበውም፤ ከፊቱ ግን ፈቀቅ ፈቀቅ አሉ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ያምሮት እግሩን አይታ በደንብ አሰረችው፤ ማስታገሻም ወጋችው። አጥንቱ ቡሬ ሆስፒታል መታየት አለበት፣ ጎርፉ የበላውን መንገድ ገበሬዎቹ ሲደለድሉ ጠዋት ይዛችሁት ውጡ አለች። እትዬ በለጠች ሀይሉ አልጋ አጠገብ ቆመው፣ መንደሩ ውስጥ መንጃ ፈቃድ ያለው ዘመድ እንዳላቸው፣ ሰውነት እንደሚባል፣ ቢፈልግ እሱ እንደሚያደርሰው ነገሩት። ያረጋል በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል።

ሀይሉ ዓይኑን ከጣራው ሳያነሣ መለሰ።

«ያረጋል ራሱ ይንዳ» አለ። «እኔ ግን ከኋላ አልተኛም። ከፊት፣ አጠገቡ ነው የምቀመጠው። እያየሁት።»

ፊቱ ላይ ፈገግታ አልነበረም። ያረጋል ይህን ከሚሰማ በጥፊ ቢመታው በወደደ። እሺ ብሎ ወጣ። መኪናዋን ከፈተና የፊቱን ወንበር አየ። የታሰረ እግር ሊዘረጋበት አይችልም፤ ጠባብ ነው። እጁ ወደ ማንሸራተቻው ሄደ። ሳይነካው ግን ተመለሰ። በሩን ሳይዘጋ ተመልሶ ወደ ሀይሉ አልጋ መጣ።

«ወንበሩን ወደ ኋላ ልሳበው?» አለው።

ሀይሉ ዞር ብሎ አየው። ንብ የነደፈው የያረጋል ፊት አብጦ አንድ ዓይኑ ተከድኗል።

«ሳበው» አለ።